ስም አወጣላቸው እንጂ አልወደዳቸውም

እንቁራሪት፣ ጉርጥና ሳላማንደር በአንድነት አምፊቢያን ወይም እንቁራሪት አስተኔ ይባላሉ፡፡ አምፊቢያ የሚለውን ስም በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ስዊድናዊው ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ ነው፡፡

ሊኒየስ እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1707 በደቡብ ስዊድን ሮስሁልት በተባለች የገጠር ሥፍራ ተወለደ፡፡ አባቱ ቄስ ነበሩና ልጃቸው የእርሳቸውን ፈለግ እንዲከተል ይሹ ነበር፡፡ የልጁ ልብ ግን ዕፅዋት ላይ ስለነበር መምህራኑ ለክህነት እንደማይሆን ተናገሩ፡፡ ሕክምና እንዲማር ወላጆቹን ያግባቡለት ሮትማን የተባሉ ሐኪም መምህሩ ናቸው፡፡

በ1735 ወደ ኔዘርላንድ ሲጓዝ ሐምቡርግ ላይ ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ ነው የሚባል የደረቀ አካል አሳዩት፡፡ በውድ ዋጋ ሊሸጥ የታሰበ ነበር፡፡ ሊኒየስ ግን የትንንሽ አውሬዎች መንጋጋና እግር በእባብ ቆዳ ተሸፍኖ የተሠራ ማታለያ መሆኑን አጋለጠ፡፡ ጣጣ እንዳይመጣበትም ከተማዋን ፈጥኖ ለቀቀ፡፡

በዚያው ዓመት “ሲስተማ ናቱሬ” የተሰኘ መጽሐፉን አሳትሞ እንስሳትን በስድስት ክፍል መደበ፡፡ አንደኛውን ክፍል አምፊቢያ አለው፡፡ በግሪክኛ “አምፊ” ሁለቱም፣ “ባዮስ” ሕይወት ማለት ነው፡፡ ስሙ ለእንቁራሪት ልክ ነው፡፡ እንቁራሪት እንደተፈለፈለች ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ በስንጥብ ትተነፍሳለች፡፡ ስታድግ እግር ታወጣለች፤ በሳንባዋና በእርጥብ ቆዳዋ እየተነፈሰች ወደ የብስ ትዘልቃለች፡፡

ሊኒየስ ግን እነዚህን ፍጥረታት አልወደዳቸውም፡፡ ገላቸው ቀዝቃዛ፣ መልካቸው አስቀያሚ፣ ሽታቸው መጥፎ መሆኑን በጥላቻ ጽፏል፡፡ ፈጣሪ አብዝቶ ያልፈጠራቸውም በዚሁ ምክንያት ነው እስከ ማለት ደርሷል፡፡ ምደባውም ጥንቃቄ የጎደለው ነበር፡፡ እባብን፣ ኤሊንና አዞን፣ በ1758ቱ እትም ደግሞ ሻርክን ጭምር ከእንቁራሪት ጋር አንድ ላይ አጎራቸው፡፡ ሐሰተኛውን ዘንዶ የለየው ዓይን እውነተኞቹን ሳይለይ አለፈ፡፡

ሊኒየስ ጥር 10 ቀን 1778 በኡፕሳላ አረፈ፡፡ ስህተቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፈረንሳይ ሊቃውንት አረሙት፡፡ ገበሎ አስተኔዎች ተለይተው ወጡ፤ አምፊቢያ የሚለው ስም ለእንቁራሪትና ለዘመዶቿ ብቻ ቀረ፡፡ ለእያንዳንዱ እንስሳ ሁለት ቃል ያለው ስም የመስጠት ዘዴውም ዛሬ ድረስ ይሠራበታል፡፡ በእኛው ባሌ ተራሮች ብቻ የምትገኘው ትንሽ እንቁራሪት በሳይንስ ኤሪካባትራከስ ባሊየንሲስ የተባለችው በዚሁ ዘዴ ነው፡፡

ጥቂት ናቸው የተባሉት አምፊቢያን ዛሬ ከ8,000 በላይ ዝርያ እንዳላቸው ታውቋል፡፡ በ2023 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው ግን ከመቶ 41 ያህሉ የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል፡፡ የመኖሪያቸው መመናመን፣ በሽታና የአየር ንብረት ለውጥ ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው፡፡ ሁለት ኑሮ የሚኖር ፍጥረት ውሃውም የብሱም ሊጠበቅለት ይገባል፤ አንዱ ከጠፋበት ሌላው ብቻውን አያኖረውም፡፡