እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የከተሞቻችን ተራ

ከኮተቤም ሆነ ከየካ ሚካኤል በኩል ወደ ሰሜን ቀና ብለን ስናይ የእንጦጦ ጋራ ከነባሕር ዛፉ ተንጋሎ ይታየናል። በዚህ እትም የምናወሳቸው ሴት በዚያ ጋራ ላይ ዘውድ ደፍተው፣ በዚያው ጋራ ላይ ያረፉ ናቸው። የእቴጌ ጣይቱ ስም ሲነሳ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን አድዋ ነው። እኛ ግን ለዛሬ በከተማ ቆርቋሪነታቸው በኩል እንያቸው። ለጂኦግራፊውም ለቋንቋውም መምህር የሚሆን ቁም ነገር አለበትና።

ጣይቱ የብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ፣ የስሜኑ ገዢ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ናቸው። ሴት ልጅ ፊደል በማትቆጥርበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ በገናም ይደረድሩ ነበር። በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ እሳቸው እቴጌ ተባሉ።

እንጦጦ ለጠላት መከላከያ ጥሩ ነበር፤ ለኑሮ ግን አስቸጋሪ። ብርዱና ነፋሱ አይጣል ነው፤ ውሃ ከታች ይቀዳል፤ እንጨቱም እያለቀ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ ቤት አሠሩበት፤ አዲስ አበባም አሉት። ቦታው ፊንፊኔ የሚባል የኦሮሞ አገር ነበር። መሬቱ ለመኳንንቱ ሲደለደል ነባሩ ባላገር እየተገፋ መሄዱንም አብረን ልናስታውስ ይገባል።

በአድዋው ዘመቻ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። በመቀሌ የጣሊያን ምሽግ ውሃው እንዲያዝ የመከሩት እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። ከዚያ በኋላ በከተማዋ ሆቴል አቋቋሙ፤ በኋላ ጣይቱ ሆቴል የተባለው ነው። ምኒልክ በጠና ሲታመሙ ሥልጣን በእጃቸው ገባ፤ ነገር ግን መጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ባላቸው በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። የቆረቆሯትን ከተማ ከላይ ቁልቁል እያዩ ኖረው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

አሁን ወደ ተራው እንምጣ። ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ (1902–1950 እ.ኤ.አ.) በረጃጅም ጽሑፎች ውስጥ ያሉ ቃላትን ቆጥሮ በብዛታቸው ተራ አስያዛቸው። 2ኛው ቃል የ1ኛውን ግማሽ፣ 3ኛው ሲሶውን፣ 10ኛው አንድ አሥረኛውን ያህል ጊዜ ብቅ ይላል፤ በግምት ማለት ነው። በብዙ አገሮች የከተሞች ሕዝብም እንዲሁ ይደረደራል። ስለ ከተሞቹ ጀርመናዊው ፌሊክስ አወርባህ በ1913 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ጽፎ ነበር።

በኛ አገርስ? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ነበራት። በዚህ ስሌት ሁለተኛዋ ከተማ 1,370,000 ያህል ሊኖራት ነው። ድሬዳዋ ግን የነበራት 233,224 ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ ታንሳለች! ከዚያ በታች አዳማ 220,212፣ ጎንደር 207,044። አንዷ ሰማይ ስትነካ የቀሩት ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቀሩ ማለት ነው።

ምክንያቱ ከጣይቱ ታሪክ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ቤተ መንግሥት እንጨት ባለቀ ቁጥር ይነሣ ነበር። አዲስ አበባም ልትለቀቅ ተቃርባ፣ ምኒልክ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። ያዳናት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ማገዶ ሆነላት። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ባቡር ገባላት። ባቡሩ መንገድ ላይ የወለዳት ድሬዳዋም ሁለተኛ ሆነች። ቤተ መንግሥቱ፣ ባቡሩ፣ ሚኒስቴሩ፣ ፋብሪካው፣ ትልቁ ትምህርት ቤት ሁሉ አንድ ቦታ ተከማቸ። አንድ ከተማ ሁሉን ሲይዝ ሐኪሙም መምህሩም ወደዚያው ያያል። ሰልጣኞች ሆይ፣ የምደባ ወረቀት ሲወጣ ፊታችን የሚጠቁረው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባናል። ግን በ10ኛም በ100ኛም ተራ ያለች ከተማ ልጆች አሏት፤ መምህር ካልሄደላት ተራዋ አይሻሻልም።

ለሥራ ያህል፦ ከመማሪያ መጽሐፍ አምስት ገጽ ወስደን ቃላቱን እንቁጠርና ተራ እናስይዝ። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። በአማርኛ ቤት፣ ቤቱ፣ ከቤቱ፣ በቤታችን እያለ አንዱ ቃል በብዙ መልክ ይመጣል። እንደ አንድ ወይስ እንደ አራት ይቆጠር? መልሱን ለክፍሉ እንተወዋለን።