ኤድስኸር ዳይክስትራ፤ ውሉን የፈለገ ሰው

የነገሥታትንና የጦር መሪዎችን ታሪክ እየሰማን አድገናል። በጽሕፈት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው የሰውን አስተሳሰብ ለማቅናት የደከሙትን ግን እምብዛም አናውቃቸውም። ዛሬ የምናነሣው ሰው ከእነዚህ አንዱ ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ኮምፒዩተር መጻፋችን የሳይንስ ጓደኞቻችንን ያስቃቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ ሰው የታገለለት ጉዳይ አሳቡን በጽሑፍ ለሚገልጽ ሁሉ የሚደርስ ነው።

ኤድስኸር ዳይክስትራ እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር ሜይ 11 ቀን 1930 በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የኬሚስትሪ መምህር፥ እናቱም የሒሳብ ዐዋቂ ነበሩ። በወጣትነቱ ሕግ ተምሮ አገሩን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለመወከል ይመኝ ነበር፤ ኋላ ግን በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያጠና ጀመር። በ1951 በኬምብሪጅ የፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት ተከታተለ፤ በ1952ም በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል ሥራ ያዘ። በ1956 ከእጮኛው ጋራ ገበያ ወጥቶ በአንድ ቡና ቤት በረንዳ ዐረፍ እንዳለ፥ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያደርሰውን አጭር መንገድ መፈለጊያ ዘዴ ያለ እርሳስና ያለ ወረቀት በ20 ደቂቃ ያህል አሰበ። ዘዴው ዛሬም በስሙ ይጠራል። በ1957 ሲያገባ ሙያውን ተጠይቆ ፕሮግራም ጸሐፊ መሆኑን ቢያስረዳ፥ ሹማምንቱ እንዲህ ያለ ሙያ አናውቅም ስላሉት በመዝገቡ ላይ የፊዚክስ ሊቅ ተብሎ ተጻፈ።

በዚያን ዘመን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ኮምፒዩተሩን ከአንዱ መስመር ወደ ፈቀዱት ሌላ መስመር እንዲዘል ያዙት ነበር። ዝላዩ ሲበዛ ፕሮግራሙ ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ይሆናል። ዳይክስትራ በማርች 1968 ይህን ልማድ የሚነቅፍ አጭር ደብዳቤ አሳተመ። አሳቡም እንዲህ ነው፤ አእምሯችን ቆሞ የሚታየውን አያይዞ ለመረዳት ይበረታል፤ በጊዜ ውስጥ የሚሮጠውን ለመከተል ግን ይደክማል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የሚታየው ቅደም ተከተልና ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ሥራ በተቻለ መጠን ይቀራረቡ።

ይሁን እንጂ ብዙዎች ዝላዩን ትተው ሌላ ጣጣ ውስጥ ገቡ፤ ይኸውም ቅድመ ሁኔታን በቅድመ ሁኔታ ውስጥ መሸጎጥ ነው። የቤተ መጻሕፍትን ሥራ እንውሰድ። ተማሪው መታወቂያ ቢኖረው፥ በዚያም ውስጥ ያልመለሰው መጽሐፍ ባይኖር፥ በዚያም ውስጥ የፈለገው መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ ቢገኝ፥ ይሰጠው። ከዚህ በኋላ ሦስት «ይህ ባይሆን» በተራ ይደረደራሉ፤ የትኛው የየትኛው መልስ እንደሆነ ለማወቅ አንባቢው ጣቱን እያስኬደ መቁጠር አለበት። ሽፋኑ ስድስትና ሰባት ሲደርስ፥ በውስጡ የተደበቀን ስሕተት ጸሐፊው ራሱ አያገኘውም።

ዳይክስትራ በ1975 ባቀረበው የአጻጻፍ ስልት እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን ዘበኛ ከፊቱ አቁሞ ከሌሎቹ ጎን ለጎን ይሰለፋል፤ አንባቢውም ትእዛዙ መቼ እንደሚሠራ በዚያው መስመር ላይ ያያል። ከዘበኞቹ አንዱም ባይፈቅድ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ይቋረጣል። በዛሬ ዘመን ደግሞ ብዙ ጸሐፊዎች የማይሆነውን ከደጅ ይመልሳሉ፤ መታወቂያ የሌለው ይመለስ፥ ዕዳ ያለበት ይመለስ፥ መጽሐፉ ከሌለ ይመለስ፥ ለቀረው ይሰጠው። ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ ሽፋኑ ግን ተገፏል። ዳይክስትራ ግን በአንድ በር ገብቶ በአንድ በር መውጣትን ያስተምር ስለነበር፥ ይህ ከመንገድ መመለስ ከትምህርቱ ጋራ ሳይጋጭ አይቀርም። ዶናልድ ክኑትም በ1974 አንዳንድ ዝላይ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ እንደሚያደርግ አሳይቷል። እኛም ከሕጉ ይልቅ የሕጉ ምክንያት ይበልጣል እንላለን።

ዳይክስትራ ከ1962 ጀምሮ በአይንድሆቨን አስተማረ፤ በ1972 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ፤ ከ1984 እስከ 1999 በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ከ1300 በላይ የሆኑ ጽሑፎቹን አብዛኛውን በብዕር በእጁ እየጻፈ ለወዳጆቹ ያድል ነበር። በኦገስት 6 ቀን 2002 በሆላንድ፥ በኑነን ሞተ።

ለሽልማቱ ባደረገው ንግግር ላይ የሰበከው ትሕትናን ነበር፤ አእምሯችን ጠባብ መሆኑን ዐውቀን በልኩ እንድንሠራ። እኛ ግን የፈተና መልስ ስንጽፍ አሳብን በአሳብ ውስጥ እየሸጎጥን፥ ማሰሪያ አንቀጹን ገጹ መጨረሻ ላይ እንጥላለን፤ ዙሪያ ጥምጥሙንም ዕውቀት ያስመስልልናል። ነገ ዳኞች፥ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ስንሆን፥ በዚህ ዐይነት የሚጻፍ ውሳኔ ባለጉዳዩን ግራ ያጋባል፤ ስሕተታችንንም ይሸፍናል። እንግዲህ አንባቢው ውሉን በቀላሉ እንዲያገኝ አድርገን እንጻፍ።