ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት

ልዑል ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት (1860 ዓ.ም. ገደማ – እ.ኤ.አ. 1950) በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጎጃምን ከሩብ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የገዙ የኢትዮጵያ መስፍን ነበሩ። ግዛታቸው ደብረ ማርቆስን ማዕከል አድርጎ ዛሬ የአዊ ዞን የሚገኝበትን አገው ምድር ማለትም የዳንግላንና የእንጅባራን አካባቢ ይጨምር ነበር። በታሪክ የሚታወቁት በሀብታቸው፣ ባስከፈሉት ግብር፣ በ1924 ዓ.ም. በተፈረደባቸው ፍርድና በጣልያን ወረራ ዘመን ከጠላት ጋር በማበራቸው ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎጃምን ከገዙት ከራስ ኃይሉ ዮሳዴቅም ሆነ ከነጻነት በኋላ የጎጃም ገዥ ከሆኑት ከራስ ኃይሉ በለው ጋር በስም መመሳሰል ምክንያት ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ አንባቢ ሦስቱን ለይቶ ማየት ይገባዋል።

ትውልድና ወደ ሥልጣን አመጣጥ

አባታቸው ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ተቀብተው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ የሆኑት ናቸው። ንጉሡ በቀጣዩ ዓመት በእምባቦ ጦርነት በሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተሸንፈው ቢማረኩም ወደ ጎጃም ተመልሰው የገዙ ሲሆን በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ከነሠራዊታቸው ተሰልፈዋል። ኃይሉ ከሕግ ጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጃቸው ሲሆኑ በልጅነታቸው ሥዩም ይባሉ ነበር።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1893 ዓ.ም. ሲሞቱ አፄ ምኒልክ የጎጃምን ዘውድ ለማንም አላወረሱም። አገሩን ለተለያዩ ሹማምንት አከፋፈሉት። ከወራሾቹ መካከል ራስ በዛብህ ድርሻ ሲያገኙ ኃይሉ ግን ለጥቂት ዓመታት ታስረው ቆዩ። በዛብህ ከሞቱ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ኃይሉ ተፈትተው በራስ ማዕረግ በጎጃም ላይ ተሾሙ። የንጉሥ ልጅ ሆነው ንጉሥ አለመባላቸው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያልለቀቃቸው ቅሬታ ሆኗል፤ ከአዲስ አበባ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ሁሉ ያለዚህ መረዳት ያስቸግራል።

ልጃቸውን ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልን ለልጅ ኢያሱ በመዳር ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተዛመዱ። ሆኖም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ አማቻቸውን ለማዳን ራሳቸውን አደጋ ላይ አልጣሉም፤ ጎጃምም በእጃቸው ቀረ።

አስተዳደራቸውና ግብሩ

በጎጃም አብዛኛው ገበሬ ባለርስት ነበር። ርስት ከአያት ከቅድመ አያት በትውልድ ቆጠራ የሚወረስ መሬት ሲሆን ገዥው ከዚያ መሬት ግብር የመቀበል መብት እንጂ መሬቱን የመውሰድ መብት አልነበረውም። ገበሬው አሥራት ይሰጣል፣ ለሹሙ ድርጎ ያቀርባል፣ በዓል ሲሆን መስተንግዶ ያወጣል፣ ጦርነት ሲመጣ ስንቅ ይዞ ይዘምታል። አገው ምድር በማሩ፣ በቅቤውና በከብቱ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የታወቀ አገር ስለነበር ግብሩን ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በዓይነት ሲከፍል ኖሯል። ይህ ሥርዓት ለገበሬው ቀላል ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን ወሰን ነበረው፤ ወሰኑን የሚያውቁትም ሹሙ ብቻ ሳይሆን ከፋዮቹም ጭምር ናቸው። ልማዱ ሲጣስ ሽማግሌ ተነሥቶ ካለፈው ዘመን ምን ያህል ይከፈል እንደነበር ይመሰክር ነበር።

ራስ ኃይሉ የሚወቀሱት ይህን ወሰን በማፍረሳቸው ነው። በእርሳቸው ዘመን በዓይነትና በአገልግሎት ይከፈል የነበረው ግብር ወደ ጥሬ ብር እየተለወጠ ሄደ። በኬላዎች የሚሰበሰበው ቀረጥ በዛ። ሹመት በገንዘብ የሚገኝ ነገር ሆነ። ብር ከፍሎ የተሾመ ሹም ያወጣውን ከነትርፉ የሚመልሰው ከገበሬው ስለሆነ እያንዳንዱ የተሸጠ ሹመት ሌላ ግብር ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ርስት እስከ መውረስ ደርሰዋል የሚል ክስም ይቀርብባቸዋል።

ከዚህ ይበልጥ የአገሩን ሰው ያስመረረው የፍርዱ ነገር ነበር። በቀድሞው ልማድ ሰው የገደለ ሰው ዕዳው በራሱ ላይ ነው። የሟች ወገን ደም ይፈልጋል ወይም በሽማግሌ ተለምኖ ካሳ ይቀበላል፤ ዳኛው የሚያስታርቅ ወይም የሚፈርድ ሦስተኛ ሰው ነው። በራስ ኃይሉ ችሎት ግን ሞት ይገባው የነበረ ጥፋተኛ ለገዥው ገንዘብ ከፍሎ ነፍሱን ማዳን ይችል እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሣሉ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ማን አጠፋ የሚለው ሳይሆን ማን መክፈል ይችላል የሚለው ይሆናል። ባለጸጋው ጥፋቱን እንደ ዋጋ ይቆጥረዋል፣ ድኻው ይቀጣል፣ የተበደለው ወገን ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሙግት በኢትዮጵያ ሰው ዘንድ የተወደደ ነገር መሆኑም ለገዥው ገቢ አመቺ ነበር። ተከራካሪዎች ዋስ ጠርተው፣ ማርና በቅሎ ተወራርደው ይሟገታሉ፤ ውርርዱም የሚገባው ለዳኛው ነው። ችሎት በበዛ ቁጥር የዳኛው ቤት ይሞላል። ሌባ ሲጠፋ የሚደረገው አውጫጭኝም እንዲሁ ነው። የአንድ አካባቢ ወንዶች በሙሉ ተሰብስበው ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይቆያሉ፣ የቀረ ይቀጣል፣ ጥፋተኛው ካልተገኘ ጉዳቱን አገሬው በሙሉ ይከፍላል። አውጫጭኝ የራስ ኃይሉ ፈጠራ አይደለም፤ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የነበረ የቆየ ሥርዓት ነው። የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ የሚጭን ሥርዓት ግን ገንዘብ ወዳድ ሹም እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በግብሩና በፍርዱ የተማረሩ የጎጃም ሰዎች አቤቱታቸውን ዓባይን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ ይዘው ይሄዱ ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንንም አቤቱታውን የሚሰሙበት የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው።

ነጋዴው መስፍን

ራስ ኃይሉ ከዘመናቸው መሳፍንት የሚለዩበት አንዱ ነገር ገንዘብን የመሥራት ችሎታቸው ነው። በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር ወደ አውሮፓ ከሄዱት መሳፍንት አንዱ ነበሩ። በአዲስ አበባ ቤትና ንብረት አፈሩ፣ በትራንስፖርትና በሲኒማ ሥራ ገንዘብ አዋሉ። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ ሳይኖራት መኪና አስገብተዋል። በራሱ ብር የሚነግድ ሰው ይህን ቢያደርግ የሚመሰገን ነበር። የራስ ኃይሉ መነሻ ካፒታል ግን ከገበሬው የተሰበሰበ ግብር ስለነበር፣ ገበያውንም ኬላውንም የሚቆጣጠሩት ራሳቸው ስለነበሩ፣ ከእርሳቸው ጋር ተወዳድሮ መነገድ የሚቻል ነገር አልነበረም።

በዚሁ ዘመን ዳንግላ የውጭ ሰዎች ዓይን ያረፈባት ከተማ ሆነች። የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስላ እዚያ ይገኝ ነበር፤ ከ1917 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማንም በጣና ሐይቅና በዓባይ ሸለቆ እየተዘዋወረ ያጠናውን በኋላ በመጽሐፍ አሳትሟል። እንግሊዞች በዳንግላ የፈለጉት የሱዳን ድንበርን ጉዳይ መከታተልና ከሁሉ በላይ የጣናን ውኃ ነው። በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ድርድር ሲጀመር ጉዳዩ የጎጃምን ገዥ ጥቅም የሚነካ ስለነበር ራስ ኃይሉና አዲስ አበባ እርስ በርስ በጥርጣሬ ይተያዩ ነበር።

የ1924 ዓ.ም. ፍርድ

በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ሲሸነፉና ሲገደሉ ራስ ኃይሉ ለመንግሥት ጦር ለመድረስ ዘግይተዋል ተብለው ተጠረጠሩ። ተፈሪ መኮንን በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ሕገ መንግሥቱ ማንም ሰው በሕግ ከተቋቋመ ፍርድ ቤት ውጭ እንዳይዳኝና ንብረቱ ያለ ሕግ እንዳይወሰድ የሚሉ አንቀጾች ነበሩት።

በግንቦት 1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከታሰሩበት ከፍቼ አመለጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። ያስመለጧቸው ራስ ኃይሉ ናቸው ተብሎ ተከሰሱ። ሞት ተፈረደባቸው፣ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው፣ ሀብታቸው ተወረሰ። ሞትን በገንዘብ ይለውጡ የነበሩት ገዥ የራሳቸው ሞት ከንብረታቸው ጋር ተለወጠ ማለት ነው።

ክሱ መሠረት እንደነበረው ብዙዎች ይስማማሉ። የፍርዱ አካሄድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ተበዳዩ ንጉሠ ነገሥቱ፣ የመጨረሻው ዳኛ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ከውርሱ የሚጠቀመውም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነበር። የጎጃም ገበሬ ለዓመታት ያቀረበው አቤቱታ ደግሞ ለፍርዱ ዋና ምክንያት አልሆነም፤ የተወረሰውም ሀብት ለተነጠቀው ሰው አልተመለሰም። ጎጃም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ በራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ እጅ ገባ፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አገዛዝም በዚሁ ተቋረጠ። የአካባቢው ሰው ከአንድ ክፉ ገዥ ሲገላገል፣ ገዥውን በቅርብ አግኝቶ የሚሞግትበትንም ዕድል አብሮ አጣ።

በጣልያን ዘመን

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አገር ለቀው ሲወጡ ራስ ኃይሉ ከእስር ነጻ ወጡ፤ ለጣልያኖችም ገቡ። በዚህ ዘመን ከሠሩት ሁሉ የከበደው በፍቼ የሆነው ነው። የራስ ካሣ ኃይሉ ልጆች ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ካሣ በአርበኝነት ላይ ሳሉ ራስ ኃይሉ በመካከል ገብተው ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ በማረጋገጥ እንዲገቡ አደረጓቸው። ሁለቱም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጣልያኖች ተገደሉ። ራስ ኃይሉ ጣልያኖች ይህን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር ወይስ ተታለሉ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በአገሩ ልማድ ግን ዋስ የሆነ ሰው ዋስትናው ሲፈርስ ተታለልሁ ብሎ አይወጣም፤ ተጠያቂው ራሱ ነው።

በጎጃም አርበኞች ገጠሩን ሲይዙ ጣልያኖች ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬንና ደብረ ማርቆስን በምሽግ ጠበቁ። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተሻግረው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ገቡ። ጣልያኖች ጭንቅ ሲይዛቸው ራስ ኃይሉን አምጥተው በጎጃም ላይ ሾሟቸው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ስም ሕዝቡን ከአርበኞች ይለያል ብለው ነበር፤ ነገር ግን ጊዜው አልፏል። በየካቲት ወር ጣልያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ወጡ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ ከተማው ውስጥ ቆይተው እጃቸውን ሰጡ።

የመጨረሻ ዓመታትና ከእርሳቸው በኋላ

ንጉሠ ነገሥቱ ራስ ኃይሉን አልገደሏቸውም። አዲስ አበባ በቁም እስር ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1950 በተፈጥሮ ሞት አረፉ። በአንጻሩ አምስቱን ዓመት ጣልያንን ሲወጋ የኖረው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ከነጻነት በኋላ በመሸፈት ተከሶ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ፤ ከራስ ኃይሉ ቤተሰብ የሆነው ልጅ ማሞ ኃይሉም አብሮ ተሰቅሏል። ይህ ንጽጽር በጎጃም በዘፈንም በወግም ሲነሣ የሚኖር ነው።

የግብሩ ነገር ከራስ ኃይሉ ጋር አልሞተም። ከነጻነት በኋላ የማዕከላዊ መንግሥት በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. ባወጣቸው የመሬት ግብር አዋጆች መሬት ተለክቶ እንዲመደብ ሲፈልግ የጎጃም ባለርስቶች ቀላድ ርስታችንን ያስወስዳል ብለው ተቃወሙ። መንግሥት አፈገፈገና በጎጃም ያለው ገበሬ በአመዛኙ በድሮው መጠን እየከፈለ ቆየ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው የጦር መሣሪያ አነሣ፤ በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ተደረሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ፣ የመሬቱ ልኬታም ሳይካሄድ ቀረ።