የዐይንን ስሕተት የመረመረው ሊቅ፦ ኢብን አል ሃይተም

ሰው በዐይኑ ያየውን ነገር ያለ ጥርጥር ያምናል። ይሁን እንጂ ዐይን የሚያሳስትበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ግማሹ ውኃ ውስጥ የገባ በትር የተሰበረ ይመስላል፤ ከአድማስ ብቅ ያለች ሙሉ ጨረቃም ወደ መካከለ ሰማይ ከወጣችው ይልቅ ገዝፋ ትታያለች። ዐይን እንዴት እንደሚያይና ስለምን እንደሚሳሳት አጥብቀው ከመረመሩት የጥንት ሊቃውንት መካከል ዋነኛው ኢብን አል ሃይተም ነው።

ኢብን አል ሃይተም ዛሬ በኢራቅ ውስጥ በምትገኘው በባስራ ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ965 ገደማ ተወለደ። በሒሳብ፣ በሥነ ፈለክና በተፈጥሮ ጥናት ስሙ እየገነነ ሄደ። የጥንት የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ግብፅ ቢኖር ኖሮ የዓባይ ወንዝ ሲሞላም ሆነ ሲጎድል ለሕዝቡ የሚጠቅምበትን ዘዴ እንደሚፈጥር ይናገር ነበር። ይህ ወሬ የግብፅን ገዥ ኸሊፋ አል ሃኪምን ደረሰው። ኸሊፋውም አስጠርቶ በክብር ከተቀበለው በኋላ ሠራተኞች ሰጥቶ ወደ ደቡብ ላከው።

ኢብን አል ሃይተም ወንዙን ተከትሎ ሲጓዝ የጥንት ግብፃውያን የሠሯቸውን ታላላቅ ሕንፃዎች ተመለከተ። እንዲህ ያለ ጥበብ የነበራቸው ሰዎች ወንዙን ሳይገድቡ የቀሩት ነገሩ የማይቻል ቢሆን ነው ብሎ አሰበ። አስዋን አጠገብ ደርሶ ቦታውን በመረመረ ጊዜም ሐሳቡ በዘመኑ መሣሪያ የማይፈጸም መሆኑን ተረዳ። በሩቅ ሆኖ ቀላል መስሎት የነበረው ሥራ ከአቅሙ በላይ ሆነበት። በኀፍረት ተመልሶም ይህንኑ ለኸሊፋው ገለጠ። ከዚያም የመንግሥት ሥራ ተሰጠው፤ ነገር ግን የኸሊፋውን ቍጣ ስለ ፈራ ያበደ መስሎ ታየ። ስለዚህ ንብረቱ ተወስዶ፣ አል ሃኪም በ1021 አንድ ሌሊት ወጥቶ እስኪጠፋ ድረስ በቤቱ ውስጥ ተዘግቶበት ኖረ ይባላል።

ሰባት ክፍል ያለውን ታላቁን የብርሃንና የእይታ መጽሐፉን የጻፈው በእነዚሁ ዓመታት ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ከእርሱ በፊት እንደ ኤውክሊድና እንደ በጥሊሞስ ያሉ የግሪክ ሊቃውንት፣ ዐይን ጨረር እያወጣ ነገሮችን እንደሚዳስስ ያስተምሩ ነበር። ኢብን አል ሃይተም ግን ኃይለኛ ብርሃን ዐይንን እንደሚያሳምም ተመልክቶ፣ ብርሃን ከውጭ ወደ ዐይን እንደሚገባ እንጂ ከዐይን እንደማይወጣ አስረዳ። ሐሳቡንም በሙከራ ደገፈ። በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ አንዲት ቀዳዳ አበጅቶ፣ ከውጭ ብዙ መብራቶችን በልዩ ልዩ ቦታ አኖረ። በውስጥ በኩል የእያንዳንዱ መብራት ብርሃን ለየብቻው ታየ፤ አንዱ መብራት ሲጋረድም የእርሱ ብርሃን ብቻ ጠፋ። በዚህም ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝና በአንዲት ቀዳዳ ሲያልፍ እርስ በርሱ እንደማይደባለቅ ተረጋገጠ።

ከዚህም አልፎ፣ ማየት የዐይን ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ፍርድ ጭምር መሆኑን አስተማረ። ለምሳሌ ጨረቃ በአድማስ ላይ ሳለች በእርስዋና በተመልካቹ መካከል ዛፍ፣ ኮረብታና ቤት ስለሚታዩ፣ አእምሮ በጣም የራቀች አድርጎ ይገምታታል፤ የራቀች ከመሰለችውም ትልቅ ናት ብሎ ይፈርዳል። ጨረቃይቱ ግን አልተለወጠችም፤ በተዘረጋ እጅ የተያዘች አንዲት የሽምብራ ፍሬ በሁለቱም ስፍራ ልትሸፍናት ትችላለች።

ኢብን አል ሃይተም የቀደሙትን ሊቃውንት ቢያከብርም በጭፍን አልተከተላቸውም። በበጥሊሞስ ሥራዎች ላይ ያሉትን ጥርጣሬዎች በመጽሐፍ ዘርዝሮ፣ እውነትን የሚሻ ሰው የሚያነበውን ሁሉ፣ የራሱንም አስተያየት ጭምር፣ መመርመር እንደሚገባው አስገነዘበ። በእርግጥም እርሱ ራሱ ከስሕተት አላመለጠም። ብርሃንን ተቀብሎ የሚያየው የዐይን ክፍል ሌንሱ ነው ብሎ ያምን ነበር። ምስል የሚያርፈው በዐይን የኋላ ግድግዳ፣ በሬቲና ላይ መሆኑን በ1604 የገለጠው የጀርመኑ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር ነው።

ኢብን አል ሃይተም በሸመገለ ጊዜ የሒሳብ መጻሕፍትን በእጁ እየገለበጠ በመሸጥ ይተዳደር ነበር፤ በ1040 ገደማም በካይሮ ሞተ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ቋንቋ ተተርጉሞ ለብዙ ዘመን በአውሮፓ ከተጠና በኋላ በ1572 በባዝል ከተማ ታተመ። በአስዋን የታሰበው ታላቅ ግድብም በሌላ ዘመን መሣሪያ ተሠርቶ በ1970 ተፈጸመ። አንድ ትውልድ የማይቻል ያለውን ሌላው ሊፈጽመው፣ አንዱ እርግጥ ነው ያለውን ሌላው ሊያርመው ይችላል። ኢብን አል ሃይተም ያተረፈው ትምህርትም ይኸው ነው፤ የሰው ዕውቀት ወሰን አለው፤ ወሰኑ የሚሰፋውም ያዩትን ደግሞ በመመርመር ነው።

የመረዳት ጥያቄዎች
1. ኢብን አል ሃይተም ዓባይን ለመገደብ የነበረውን ሐሳብ የተወው ስለምን ነው?
2. የመብራቶቹ ሙከራ ምን አረጋገጠ?
3. ጨረቃ በአድማስ ላይ ሳለች ትልቅ መስላ የምትታየው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።