ካዎ ጦና ጋጋ

የወላይታ ድቻ እግር ኳስ ቡድን «የጦና ንቦች» መባሉን የማያውቅ ወጣት የለም። ጦና ማን እንደ ነበሩ ሲጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ስለዚህ የየቤተ ሰባችንን የትውልድ ሐረግ ስንጠይቅ የእርሳቸውንም ታሪክ አብረን ጠየቅን።

ጦና የጋጋ ልጅ፣ የወላይታም የመጨረሻው ካዎ፣ ማለትም ንጉሥ ነበሩ። የተወለዱበት የነገሥታት ቤት «ትግሬ» ይባላል፤ በትውፊት አባቶቻቸው ከትግራይ የመጡ ናቸውና። ስለ ወላይታ የተዋጉት ንጉሥ ዘራቸው ከሩቅ ሰሜን መቆጠሩ እኛን እጅግ አስደንቆናል።

ቀድሞ የተላኩት ጦሮች ስላልቀናቸው በ1887 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ራስ ሚካኤልንና የጅማውን አባ ጅፋርን አስከትለው ዘመቱ። የዘማቹ ጠመንጃ ብዙ፣ የወላይታ ሰው መሣሪያ ግን አብዛኛው ጦርና ጋሻ ስለ ነበረ ዕልቂቱ ከባድ ሆነ። አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም ስለ ሞተው፣ ስለ ተማረከው ሕዝብና ስለ ተነዳው ከብት ጽፎ አልፏል። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባ ተወስደውም ክርስትና ተነሡ። ከእርሳቸው በኋላ በወላይታ ሌላ ካዎ አልነገሠም።

ሽማግሌዎቻችን ማላና ዶጋላ ብለው ጎሣውን ለይተው የአያት ቅድመ አያት ስም ይቆጥሩልናል። በአንዳንዱ ቤት ግን ቆጠራው በዚያ ዘመቻ ላይ ይቆማል፤ የተማረከው ወዴት እንደ ተወሰደ፣ ምን ስም እንደ ተሰጠው የሚነግረን አላገኘንም። የንጉሡ ስም ግን ተማርከውም ከአባታቸው ስም ጋር ቀርቷል። በመዝገባችን ከ1887 ዓ.ም. አንጻር ባዶ የተውናቸው መስመሮች አሉና፣ የሚያስታውስ አዛውንት በቤታችሁ ካለ ጠይቃችሁ አምጡልን።