ሐንስ በርገር፦ የአንጎልን ሞገድ የመዘገበው ሐኪም

ምናልባት ልጅዎ ኢ.ኢ.ጂ. የሚባለው የአንጎል ምርመራ ታዞለት፣ ከሸዋ ሮቢት ጣርማበርን ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ሊጓዙ ይሆናል። ሽቦዎቹ ልጁን ኤሌክትሪክ እንዳያስይዙት ከሠጉ፣ ምርመራውን የጀመረው ሰው በገዛ ልጁ ራስ ላይ ደጋግሞ እንደሠራው ይወቁ።

ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1873 በጀርመን ተወለደ። ወጣት ሳለ በወታደራዊ ልምምድ ላይ ከፈረስ ወድቆ ለጥቂት ከሞት ተረፈ። በዚያው ቀን፣ ርቃ የምትኖረው እህቱ አደጋ እንደደረሰበት ስለተሰማት አባቱ ቴሌግራም ላኩለት። በርገር ሐሳብ ከአንጎል ወደ አንጎል ይተላለፋል ብሎ አመነ፤ ያንን ኃይል ፍለጋም ሕክምና አጠና። ኃይሉን አላገኘውም፤ ያገኘው ሌላ ነገር ነው።

በየና ከተማ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ኃላፊ ሳለ፣ በ1924 የራስ ቅሉ በቀዶ ሕክምና ከተከፈተ የ17 ዓመት ወጣት የአንጎልን ደካማ ኤሌክትሪክ መዘገበ። ስሕተት እንዳይሆን ፈርቶ አምስት ዓመት ሳያሳትም ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ነው የልጁን የክላውስን አንጎል፣ ቅሉ ሳይከፈት፣ ደጋግሞ የመዘገበው። ዓይን ሲጨፈን በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል የሚመላለስ፣ ሲገለጥ የሚደክም ሞገድ አየ። በ1929 ሲያሳትመው ብዙዎች አላመኑትም፤ በ1934 ኤድሪያንና ማቲውስ እንግሊዝ አገር ደግመው ሲያዩት ግን ተቀባይነት አገኘ።

ይህ ሰው በናዚ ዘመን፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በግዳጅ እንዲመክኑ በሚወስን ፍርድ ቤት ውስጥም አገልግሏል። ዛሬ በምርመራው የሚረዱት እነዚያው ሕሙማን መሆናቸው ያሳዝናል። በድባቴ ታሞ በ1941 ራሱን አጠፋ።

ኢ.ኢ.ጂ. የአንጎልን ሞገድ ያዳምጣል እንጂ ኤሌክትሪክ ወደ ውስጥ አይልክም። የሚጥል በሽታን ለመለየት ይረዳል፤ ይህ በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ይደረባል፣ በይፋት ቆላም አንጎል የነካ ወባ ካለፈ በኋላ ሊመጣ ይችላል። ኦቲዝምን ግን በኢ.ኢ.ጂ. መለየት አይቻልም። አንጎልን በማግኔት ወይም በደካማ ኤሌክትሪክ ማነቃቃት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በእድገት መዛባት ላይ ገና እየተጠና ያለ እንጂ የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም፤ የማግኔቱ አልፎ አልፎ የሚጥል ሕመም ይቀሰቅሳል። ልጅዎን በዚህ እናድናለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ፣ የልጅዎን ሐኪም ሳያማክሩ አይክፈሉ።

ከምርመራው በፊት የልጁን ፀጉር በሳሙና ይጠቡ፤ ቅቤ ወይም ቅባት ካለበት ሽቦው አይይዝም። የሚወስደውን መድኃኒትም ሐኪሙ ካላዘዘ አያቋርጡ።