ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና ማሲንቆ

ከደጋን ወደ ባቲ የሚዘልቀውን መንገድ የምናውቅ ተማሪዎች፣ ባቲና አምባሰል የአገር ብቻ ሳይሆኑ የቅኝትም ስሞች መሆናቸውን ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተናል። እነዚህን ቅኝቶች በአንድ ጭራ የሚያወጣው ማሲንቆ ግን ለረጅም ዘመን የአዝማሪ ዕቃ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ለዚህ ንቀት ግድ ካልነበራቸው ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ተሰማ የተወለዱት በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ የሞተር ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። እዚያም ሳሉ ማሲንቆ እየመቱ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ በዚህም ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚው ሆኑ። ተመልሰውም የወሎው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የልጅ ኢያሱ ባለሟል ነበሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የእሳቸውም ዕድል አብሮ ወደቀ፤ የግጥም ዝናቸው ግን አልተሻረም። በ1964 ሲያርፉ ልጃቸው ይድነቃቸው በእግር ኳስ ስመ ጥር ሆነው ነበር።

ሸክላው ድምፃቸውን አቆይቶልናል። እስክስታ ግን በሸክላ አይቀረጽም፤ ከትከሻ ወደ ትከሻ ይተላለፋል እንጂ። እንግዲህ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንገባ ከአዋቂዎች ፊት ቆመን ዜማውንም ውዝዋዜውንም እንማር።